ቤቱ ደረሰኝ፤ አሁንስ ምን ቀረኝ?

የዛሬው ደብዳቤ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ44 ዓመት ሰው ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብኩት በ1997 ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንከራተት ኖረን በመጨረሻ ቦሌ አራብሳ ደረሰኝ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ተበድረን ሴራሚክ አስነጠፍን፣ ቀለም አስቀባን፣ ገባን። ከዚያ በኋላ ግን የሆነ ነገር ሆንኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃና ጣሪያውን እያየሁ ‹ይኸው ነው? አለቀ?› እላለሁ።

አብሮኝ የተመዘገበ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ነበረኝ። ፎርሙን የሞላነው አንድ ቀን፣ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው። ዕጣው ሳይወጣለት ባለፈው ዓመት በድንገት ሞተ። ለቅሶው ላይ እንባ አልመጣልኝም። የባሰብኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ሐኪም ቤት ሄጄ ደሜን፣ ስኳሬን፣ ልቤን ታየሁ። ‹ምንም የለብህም› አሉኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ። ባለቤቴ ፀበል እንሂድ ትላለች። የንስሐ አባቴ ‹ምስጋና አጉድለህ ነው› አሉኝ፤ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ሳይኮሎጂ የምትማረው ታናሽ እህቴ ደግሞ ‹ለአንተ የሚሆንህ ኤግዚስቴንሻል ቴራፒስት ነው› አለችኝ። እርስዎ እሱን እንደሚሠሩም ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን አላውቅም ነበር። ለመሆኑ ሰው እዚህ ሙያ ውስጥ እንዴት ይገባል? ክፍሉ ውስጥስ ምን ይደረጋል? ለወሬ ገንዘብ መክፈል አይሆንም? ሃይማኖቴንስ አያስተወኝም? (ድሮ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠና ነበር። እዚህ የማውቀው ልጅ የለም። እድሬም አሁንም ፈረንሳይ ነው።)»

ወንድሜ፣

በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ብልህ አትቀየመኝ።

ከጤናህ ልጀምር። እሱ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ድብርት የሚባል በሽታ አለ። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን ስሜት ይጨልማል። ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ጣዕሙን ያጣል። ከዚያ ጋር እንቅልፍ፣ ምግብ፣ አቅም፣ ትኩረት ይዛባል፤ ሰው ራሱን እንደ ከንቱ ይቆጥራል። እንዲህ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋል። ሞትን መመኘት ወይም ራስን ለማጥፋት ማሰብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዕለቱ ነው የሚኬደው። ለአንተ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርብሃል፤ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ወደ መሀል ከተማ ከወረድክ አማኑኤል አለ። ደምና ስኳርህን ያየው ሐኪም ስለ እንቅልፍህና ስለ ስሜትህ ረጋ ብሎ ጠይቆህ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እኔም ጋ ብትመጣ፣ ሌላ ባለሙያ ጋም ብትሄድ፣ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው።

ከጻፍከው ስነሣ ግን ምግብህን ትበላለህ፣ ሥራህን ትሠራለህ፣ ትስቃለህም። ያላስተኛህ አንድ ጥያቄ ይመስለኛል። እኔ የምሠራው ሥራ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጋር ነው። ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ ማለት ስለ ሞት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ኑሮ ትርጉም ጥያቄ ከያዘው ሰው ጋር እየተነጋገሩ የሚሠራ ሕክምና ነው።

ወደ ሙያው እንዴት እንደገባሁ ልንገርህ። መነሻዬ ፍልስፍና አልነበረም። በኤች አይ ቪ ምርመራ ክፍል በኩል ነው የገባሁት። ሳይኮሎጂ ተምሬ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት በከተማው ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የፈቃደኝነት ምክርና ምርመራ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰውየውን ከምርመራው በፊት ታነጋግረዋለህ፣ ደሙ ይወሰዳል፣ ከዚያ ውጤቱን ትነግረዋለህ። ሥልጠናው ጥሩ ነበር። ውጤት እንዴት እንደሚነገር፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ሰውየው ለማን እንደሚናገር አብሮ እንዴት እንደሚታሰብ ተምረናል። ውጤቱን ሰምቶ ፊትህ ቁጭ ላለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረንም። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የመግዛት አቅም ለሌለው ሰው የምንለው «በደንብ ብላ፣ አትጨነቅ» ነበር። አብዛኛው ሰው ደግሞ አቅም አልነበረውም።

እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ በሽታው ብዙም አይጠይቅህም። «ልጄን ማን ያሳድጋታል?» ይልሃል። «እስከ ዛሬ የኖርኩት ለምን ነበር?» ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ አይናገርም። አንዳንዱ ደግሞ፣ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ኑሮው ይስተካከላል። ተኮራርፎት የቆየውን ወንድሙን ይታረቃል። ሲፈራው የኖረውን ሥራ ጥሎ ይወጣል። ሞቱን በቀጠሮ የያዘ የሚመስለው ሰው ከእኛ ከጤነኞቹ የበለጠ እየኖረ ነበር።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። ሰዉ ከአልጋ ተነሣ፣ ክብደት ጨመረ፣ ሥራ ገባ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ግን ሌላ ዓይነት ሰው ወደ ክፍሌ መምጣት ጀመረ። ለመሞት ተዘጋጅቶ፣ ዕቃውን አከፋፍሎ፣ ልጁን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ የቆየ ሰው ነው። አሁን ትኖራለህ ተብሏል። «እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል። ለዚህ የሚሆን መመሪያ ጤና ጣቢያው ውስጥ አልነበረም። ደብዳቤህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። አንተ ፎርም ስትሞላ በነበረበት ዓመት እነሱ ኪኒናውን ይጀምሩ ነበር።

መልስ ፍለጋ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ኧርቪን ያሎምን ነው። አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ከስደተኛ ባለሱቅ ወላጆች ዋሽንግተን ተወለደ። በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማይድን ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ጋር በቡድን ይሠራ ነበር። አንዳንዶቹ በወጉ መኖር የጀመሩት ከበሽታው በኋላ እንደሆነ ነገሩት። እኔ ከተማ ዳር ባለች ክፍል ያየሁትን እሱ ካሊፎርኒያ ሆኖ አይቶታል። በ1980 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ሰውን ከሥር ሆነው የሚያስጨንቁት አራት ነገሮች ናቸው ይላል፤ ሞት፣ ነፃነት፣ ብቸኝነት፣ የትርጉም መጥፋት። ነፃነት እዚህ ውስጥ ምን አገባው ትል ይሆናል። ሕይወትህን የምትመርጠው አንተ ከሆንክ የምታሳብበው ሰው የለህም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ከእሱ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዴንማርካዊው ኪርክጋርድ በ1844 ጭንቀትን ከገደል አፋፍ ወደ ታች የሚያይ ሰው ከሚይዘው ማዞር ጋር አመሳስሎ ጽፏል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ሮሎ ሜይ የሚባል አሜሪካዊ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሳናቶሪየም፣ ማለትም የነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ፣ ተኝቶ ኪርክጋርድን አነበበ። ይህ ሰው የሚያወራው የታመመ ሰው ስለሚሰማው ነገር ነው አለ። አሜሪካ ውስጥ ይህን አስተሳሰብ ወደ ሕክምናው ካስገቡት ሰዎች ዋናው እሱ ነው።

ቪክቶር ፍራንክልን ሳትሰማ አትቀርም። በ1905 የተወለደ የቪየና ሐኪም ነው። በ1942 ናዚዎች ከነቤተሰቡ አጋዙት፤ አውሽቪትዝን ጨምሮ በአራት ካምፖች አልፎ በ1945 ነፃ ወጣ። አባቱን፣ እናቱንና ሚስቱን አጥቷል። ሰው ስለ ሕይወት ትርጉም ያለውን ንድፈ ሐሳብ ካምፕ ውስጥ ያገኘው ይመስለዋል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ራሳቸውን ሊያጠፉ ከሞከሩ ሕሙማን ጋር ቪየና ውስጥ ሲሠራ ነው መሠረቱን የጣለው። እንደ እሱ አባባል ሰው ትርጉም የሚያገኘው በሚሠራው፣ በሚወደው፣ ሊያመልጠው የማይችለውንም መከራ በሚሸከምበት ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ያንቀኛል። አሁን አሁን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ ለማያልፍ ሰው «አመለካከትህን ቀይር» እያለ ፍራንክልን የሚጠቅስ አነቃቂ ንግግር አድራጊ ሞልቷል። ፍራንክል እኮ እንዲህ አላለም። መከራው ሊወገድ የሚችል ከሆነ መጀመሪያ ምክንያቱን ማስወገድ እንደሚገባ በግልጽ ጽፏል። የቤት ኪራይ መወደድ የአመለካከት ችግር አይደለም።

ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪዬን በምክር አገልግሎት ሠራሁ። ከዚያም በዚህ መንገድ ከሠለጠነች፣ ለንደን ከምትኖር ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት ለዓመታት ሥራዬን ስገመግም ቆየሁ። ይህ እስካሁን አልቆመም። ራሴም ደንበኛ ሆኜ ሌላ ሰው ፊት ተቀምጫለሁ። ያሎምም አንድ ቴራፒስት ራሱ ቴራፒ ሳይገባ ሌላውን አይንካ የሚል ሰው ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ከመጽሐፍ ያልተማርኩትን እዚያ ተምሬያለሁ። ለምሳሌ ሰው ዝም ብሎ ሲያይህ ሰባት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ቢሮዬ አያት ነው፣ ባቡሩ ከሚያልቅበት ብዙም አይርቅም። በሩ ላይ ታፔላ የለም። ጎኔ ያለው የሒሳብ ሥራ ቢሮ ስለሆነ ደረጃው ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር የተገናኙ ደንበኞቼ «ለግብር ጉዳይ ነው» ይላሉ። ሐምሌ ላይ ማንም አይጠራጠራቸውም። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ከታች የወፍጮ ቤት ድምፅ አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ50 ደቂቃ ያህል እንገናኛለን።

መጀመሪያ ከልጅነትህ አልጀምርም። «ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምን ሆነ?» ነው የምልህ። «ጨነቀኝ» ካልክ አይበቃኝም። የቱ ጋ ነው የሚከብድህ፣ ደረትህ ነው ሆድህ? መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ምንድን ነው? ባለቤትህ ጎንህ ተኝታለች? ለምን አልቀሰቀስካትም? ይህ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኤድመንድ ሁሰርል የተወረሰ ልማድ ነው። ነገሩን ለማብራራት ከመቸኮል በፊት እንዳለ መግለጽ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሰለቻል። «ምክንያቱን ንገረኝ» ይለኛል። እኔ ግን ምክንያት በፍጥነት ሲገኝ አልወድም። «ውጥረት ነው»፣ «ዕድሜ ነው»፣ «ዓይን ነው» የሚል ስም ከወጣለት በኋላ ሰው ማየቱን ያቆማል።

ቶሎም አላጽናናህም። እዚህ ላይ ሰው ሊቀየመኝ ይችላል፤ ያደግነው በማጽናናት ነው። ለቅሶ ቤት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሰው በሰው መካከል ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ሰልስቱ ያልፋል፣ አርባው ይወጣል። እኛ ስለ ሞት አናወራም የሚሉ አይገቡኝም፤ እድር ያለው ሰው በየወሩ ለሞት ያዋጣል። ያልለመድነው የገዛ ሞታችንን እያሰብን ከሌላ ሰው ጋር መቆየት ነው። ያን ጊዜ «ተው እንጂ፣ ልጆችህን አስብ» ይመጣል። ተናጋሪው ለአንተ አዝኖ ነው፤ ግን እሱም ፈርቷል። የእኔ ሥራ ሳልሸሽ እዚያው መቆየት ነው።

«ግድ ነው» የምትለውን ቃል እንደምይዝብህም እወቅ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በግድ ሲሠራ የኖረውን ነገር አንድ በአንድ ስናየው ገሚሱ በእውነት ግድ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግድ ነው። ገሚሱ ደግሞ አንድ ቀን የተመረጠና መመረጡ የተረሳ ነው። እነዚህን መለየት ጊዜ ይወስዳል፤ ቀን ሲከፋም ያናድዳል። ሲያናድድህ እኔን ብትቆጣኝ ጥሩ ነው። እኔና አንተ መካከል የሚሆነውን እዚያው እናየዋለን። እኔን ላለማስቀየም ዝም የምትል ከሆነ ውጭም እንዲሁ ትሆናለህ ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ደብዳቤህን እንደዚህ ላንብበው። ፊት ለፊት ስላልተገናኘን እንደ ግምት ያዘው።

«ይኸው ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ቤቱ ከደረሰህ በኋላ ነው። ከ1997 ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠብቅ ኖረሃል። የጠበቅከው ደግሞ ቤት ብቻ አይመስለኝም። «ቤቱ ሲደርሰኝ» ተብሎ የተቆለፈ ስንት ነገር ነበር? ልጆች ማሳደግ፣ መማር፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ከባለቤትህ ጋር ማውራት? ነባር ተመዝጋቢ ሆኖ መኖር ሥራ ነበር። ዜና ትሰማለህ፣ ትቆጥባለህ፣ ታማርራለህ፣ ተስፋ ታደርጋለህ። ቀንህ ውስጥ ቅርጽ ነበረው። ቁልፉን የተረከብክ ቀን ያ ሥራህ አለቀ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያነቃህ ሥራ መፍታትህ ቢሆንስ? ክፍል ውስጥ ብንሆን ይህን ብዬህ ዝም እላለሁ። «አይደለም» ካልክ አይደለም።

ጓደኛህን ደግሞ አንድ አንቀጽ ብቻ ሰጥተኸዋል። እንባ አልመጣልኝም ብለህ ወዲያው ወደ ስኳር ምርመራ አለፍክ። አንድ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ቤቱ የደረሰው ለአንዳችሁ ብቻ ነው። የእሱ ሞት ምንም ቢጠበቅ ላይደርስ እንደሚችል አሳይቶሃል። ከዚያ አልፎ ሴራሚኩ ላይ ስትራመድ እሱ ትዝ ይልህ እንደሆነ እጠይቅህ ነበር። የጥፋተኝነት ስሜት አለህ አልልም። ግን «ምስጋና አጉድለህ ነው» ያሉህን ቶሎ እውነት ነው ብለህ መቀበልህ አጠራጥሮኛል። የሆነ ነገር ያጠፋህ ይመስልሃል። ምን? ለማንስ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ስሙን እየጠራህ ስለ እሱ ለአንድ ሰዓት ብታወራኝ ደስ ይለኛል። ምን ይወድ ነበር? ቤት ቢደርሰው ምን ሊያደርግበት ነበር?

ከሁሉ ይበልጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ቅንፍ ውስጥ ያስገባኸውን ነው። ሌላ የምክር ዓምድ ቢሆን ኖሮ «እንግዲያው ሂድና ብሎክህ ያሉትን ልጆች ሒሳብ አስጠና፣ ትርጉም ታገኛለህ» ይልህ ነበር። እኔ አልልህም። ብታደርገው ክፉ አይደለም፤ ያሎምም ትርጉም ቀጥ ብለው ሲያሳድዱት እንደሚያመልጥና በአንድ ነገር ሲጠመዱ እግረ መንገድ እንደሚመጣ ይናገራል። ግን በእኔ ትእዛዝ የምታስጠናው ሒሳብ አንድ ተጨማሪ «ግድ ነው» ይሆንብሃል። እኔ የምጠይቅህ ለምን በቅንፍ እንደጻፍከው ነው። ጉዳዩ ላይ የለም ብለህ? ወይስ ዋናው እሱ ስለሆነ?

እድርህም እዚያው ቅንፍ ውስጥ ነው። ኔዘርላንዳዊቷ ኤሚ ቫን ዱርዘን፣ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የዚህን ሙያ ማኅበር የመሠረተች፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአራት ዓለም ይኖራል ትላለች፤ በአካሉና በቁሱ፣ በሰው መካከል፣ ከራሱ ጋር፣ በእምነቱ። አንዱ ሲደላ ሌላው ሊፈርስ ይችላል። ይህን ከእኛ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። ቁሱ ተሟላ፤ ውኃው ይጠፋል እንጂ ጣሪያው የራስህ ነው። ሰዉ ግን ከፈረንሳይ፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ ተበትኖ መጥቶ ደረጃ ላይ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጥ ይተላለፋል። ጠዋት በጨለማ ሰርቪስ፣ ማታ በጨለማ መግባት። ብትሞት የሚቀብርህ እድር እዚህ የለም፤ ከሁለት ታክሲ በኋላ ነው ያለው። እዚያ መቀጠልህ ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ነው። ግን የት ልትሞት እንዳሰብክ ከጠየቅኩህ መልስህ ፈረንሳይ ነው። የት ልትኖር እንዳሰብክ ብጠይቅህስ?

ለወሬ ገንዘብ መክፈል ነወይ ብለሃል። ወሬ ነው፤ እውነትህን ነው። መድኃኒት የለውም፣ መሣሪያ የለውም። በጥናትም ቢሆን እውነቱን ልንገርህ፤ ይህ ዓይነቱ ቴራፒ አስተሳሰብና ባሕርይ ላይ እንደሚሠራው ቴራፒ ያህል አልተጠናም። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሊያም ብራይትባርት የሚባል የአእምሮ ሐኪም የፍራንክልን ሐሳብ ይዞ ከከባድ ካንሰር ታማሚዎች ጋር ሠርቶ መንፈሳቸውን እንደሚያበረታ አሳይቷል። ሌላው ግን ገና ነው። ድንገት ልቡን ቀጥ የሚያደርግ የፍርሃት ሕመም ያለበት፣ ወይም እጁን ደጋግሞ ካልታጠበ የማይረጋ ሰው ቢመጣ እኔ ወደ ሌላ ባለሙያ እልከዋለሁ። ለእሱ ፈጥኖ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ።

ስለ ሃይማኖትህ አትስጋ። ኪርክጋርድ አማኝ ክርስቲያን ነበር። ሮሎ ሜይ የተማረው ነገረ መለኮት ሲሆን መምህሩ ፓውል ቲሊክ የታወቀ የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። ያሎም ደግሞ በፈጣሪ አያምንም። ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ ይከራከራሉ። እኔ የማስተውህም የማስይዝህም ነገር የለም። የንስሐ አባትህ የሚሰጡህን ሥርየት እኔ መስጠት አልችልም፤ ያሉህንም አላፈርስም። «ተመስገን» ስትል ውስጥህ ምን እንደሚል ግን እጠይቅሃለሁ። ባለቤትህንም ልብ በላት። ሂድ አላለችህም፤ እንሂድ ነው ያለችህ። ፀበሉን ብታምንበትም ባታምንበትም አብራህ ልትሆን የፈለገች ሴት አለች፤ አንተ ደግሞ ሌሊት አትቀሰቅሳትም።

የግድ እኔ ጋ ና አልልህም። ዘመድ የማይሆንህን፣ መሥሪያ ቤትህ የማይታወቅን ሰው ፈልግ። ምን እንደተማረ፣ ሥራውን ማን እንደሚገመግምለት፣ ስንት እንደሚያስከፍል በመጀመሪያው ቀን ጠይቀው። ደንግጦ ከተቆጣ ተወው። «በዚህን ያህል ቀን አድንሃለሁ» ካለም ተወው። አቅም ካነሰህ ክፍያ የሚቀንሱ አሉ፤ ሳታፍር ተናገር፤ እኛ ለምደነዋል።

ለእህትህ ደግሞ ሁለት ቃል። መጀመሪያ ዲግሪውን ትጨርስ። ከዚያ ፍልስፍናውን ከመውደዷ በፊት ታማሚ ያለበት ቦታ ትሥራ፤ አማኑኤልም ይሁን፣ ገፈርሳ ያለው የማገገሚያ ማዕከልም ይሁን፣ ጤና ጣቢያም ይሁን። ስለ ሞትና ነፃነት በሚያምር ቋንቋ የሚያወራ፣ ግን የሚያቃዠውን ሰው ከጨነቀው ሰው የማይለይ ቴራፒስት አደገኛ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ትያዝ። ለወንድሟ ቴራፒስት ለመሆን ግን አትሞክር፤ ለአንተ እህት ብትሆንህ ይበቃል። ምን ላንብብ ካለች በዚሁ አድራሻ ትጻፍልኝ፤ ከየት እንደምትጀምር እነግራታለሁ።